ዳማው የሄደበት ቤት

መምህር ግዛቸው አሰላ ከተመደበ ስድስት ዓመቱ ነው። ስድስቱንም ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምር የገለማን ተራራ ሰሌዳ ላይ እየሳለ፣ ከፍታውን በሜትር እያስጠና፣ የተሳሳተውን ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረበት ኖሯል። አንድ ማታ እራት ላይ የስምንት ዓመቷ ልጁ ትንቢት፣ «አባዬ፣ አንተ ግን ወጥተህበት ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው። መምህሩ ወጥቶበት አያውቅም። በኅዳር የመጀመሪያው እሁድ ቤተሰቡን ይዞ ሽርሽር የወጣው በዚህ የተነሳ ነው።

ስንቁን ያዘጋጀችው ባለቤቱ የውብዳር ናት። እሱ የያዘው ምክር ብቻ ነበር። ከሳጉሬ በላይ ካለች መንደር፣ ፈረስ የሚያከራይ ከዲሮ የሚባል ገበሬ ቤት ሲደርሱና ትንቢት ዳማው ፈረስ ላይ ስትወጣ፣ ገና ኮርቻው ሳይሞቃት ትምህርቱን ጀመረላት።

«ጉም ከመጣ እንዳትደነግጪ። ዛቡን፣ የልጓሙን ጠፍር፣ ልቀቂለት። ፈረስ ቤቱን ያውቃል፣ ራሱ ያደርስሻል።»

ይህን ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው የለቀመው። የስፖርት አስተማሪው የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ አያቱ ከገበያ ሲመለሱ ጉም ከያዛቸው ዛቡን ለቀው ኮርቻ ላይ እያንቀላፉ ቤታቸው ይገቡ እንደነበር አጫውቶታል። ወሬው እውነት ነው። ግዛቸው ግን የሰማውን ሁሉ የራሱ ዕውቀት አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር።

«ደግሞ ጉም ይመጣል እንዴ?» አለች የውብዳር። ነርስ ናት፤ አደጋ ገና ሳይመጣ ይሸታታል።

«ለምሳሌ ያህል ነው፣ የውቤ።»

እሷ ሌሊቱን ሲያስነጥስ ያደረውን ትንሹን ልጃቸውን እዮኤልን ታቅፋ ከከዲሮ ቤት ቀረች። ከዲሮ ዳማውን ሊጎትት እጁን ሲዘረጋ ግዛቸው ቀድሞት መጎተቻውን ገመድ ያዘ። «አንተ መንገዱን ምራን፣ ልጄን እኔው እስባታለሁ» አለ። ከዲሮ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ከፊት ከፊት ሄደ።

የተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ረፋዱ አልፎ ነበር። በአንድ በኩል የአሰላና የኢተያ የስንዴ ማሳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፣ በሌላ በኩል አገሩ ወደ ጢቾ ቁልቁል ይወርዳል። ትንቢት ከሰው በላይ የረዘመ የጅብራ ተክል አጠገብ ፈረሷ ላይ ሆና ትስቃለች። ግዛቸው ስልኩን አወጣ። በአንድ እጁ ሞከረው፣ ተንቀጠቀጠበት። ገመዱን ኮርቻው ላይ ጣል አደረገና ጅብራው ሙሉ እንዲገባለት አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደ።

«ፈገግ በይ!»

ሁለት ፎቶ አነሳ። በሦስተኛው ስልኩ ላይ ነጭ ነገር ብቻ ታየው። ቀና ሲል ጅብራውም ፈረሱም ልጁም የሉም፤ ጉሙ ከጢቾ በኩል በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ ሁሉንም ሸፍኗቸዋል።

«ትንቢት!»

«አባዬ!» አለች አንዴ። ከዚያ ኮቴ ሰማ። ኮቴው ሲርቅ፣ ወደ የት እንደሚርቅ አልለይ አለው። እጁን ዘርግቶ ሮጠ፤ አስታ ቁጥቋጦ ጠልፎት በግንባሩ ተደፋ። ሲነሳ ምንም አይሰማም ነበር።

ወደፊት ቀድሞ የነበረው ከዲሮ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነ?»

«በረገገ! ገመዱን ከእጄ መነጨቀኝ!»

ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ራሱን ገረመው። ሊመልሰው ግን አልሞከረም።

«ዛቡን ትለቅለታለች፣ ነግሬያታለሁ» አለ ቀጥሎ። «ቤትህ ነው የሚመጣው። እንውረድ!»

 ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ ሲወርዱ ሰውዬው ትንፍሽ አላለም። ግዛቸው ይህን ዝምታ አልወደደውም፤ ሊጠይቀው ግን ፈራ። በልቡ ዳማው ደጃፍ ላይ ሣር ሲግጥ፣ ትንቢት እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ እየደጋገመ ይታየው ነበር።

የውብዳር አጥሩ ጋ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሁለቱን አየች፤ ከኋላቸው ማንም የለም።

«ልጄስ?»

ደጁ ባዶ ነበር። ግዛቸው ያንኑ ውሸት ደገመላት። በሁለተኛው ጊዜ እንዲያውም ቀለለው፤ በኋላ ሲያስበው ራሱን በጣም የጠላው ለዚህ ነው።

ከዲሮ ኮፍያውን አወለቀ። «መምህር» አለ፣ «ወላሂ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳማውን የገዛሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ ከማዶ፣ በጢቾ በኩል ካሉ አንድ ሽማግሌ። ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ ሁለቴም እዚያው ነው ያገኘሁት። ከተያዘ ምንም አይልም። ከተለቀቀ ግን... ለእሱ ቤቱ እዚያ ነው። ስንወጣ ልነግርህ ነበር፣ አፈርኩ። አሁንም ምናልባት ወደ እኔ ቢመጣ ብዬ ነው ተከትዬህ የወረድኩት።»

ግዛቸው አንገቱ ሥር አነቀው። «ልጄን ገደልካት! አንተ ነህ የገደልካት!» ከዲሮ እጁን እንኳ አላነሳም። የውብዳር እዮኤልን እንዳዘለች መሃላቸው ገባች።

«በኋላ ትጣላላችሁ። ከዲሮ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምን አለበት?»

«ገደል አለ። ወንዝም አለ።»

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «ሂዱ።»

ሄዱ። ጉሙ አልተነሳም። አምስት እርምጃ እያዩ፣ ከዚያ ሌላ አምስት እያዩ፣ ተጣርተው ቆም እያሉ ሲያዳምጡ ነበር የሚጓዙት። ከዲሮ በየመሃሉ ዞር እያለ፣ «አላህ ያውጣት፣ መምህር። እኔን ይቅር በለኝ» ይላል። ግዛቸው ይቅርታውን በዝምታ ይቀበለዋል። ያልበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምነው እየሰማ፣ አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ ሊገላግለው ሲችል፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ልጄን ካገኘኋት እነግረዋለሁ አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ካላገኘኋትስ? አለ።

ወንዙ ዳር ከዲሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አነሳ። የትንቢት ጫማ ነበር፣ የግራው፣ ማሰሪያው እንደታሰረ። ውስጡ ውሃ ሞልቷል።

ግዛቸው ጫማውን ተቀብሎ ውሃውን ደፋ። ለምን እንደደፋው አያውቅም። ከዲሮ ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ጭኑ ድረስ ደረሰ። በዱላው ከድንጋዩ ሥር፣ ከአረንቋው፣ ከሥራሥሩ መሃል ይፈትሻል። ዋና እንደማይችል መንገድ ላይ ነግሮት ነበር። ግዛቸው ተከትሎት ገባ። ሁለቱም የሚፈልጉትን ነገር እንዳያገኙ እየጸለዩ ፈለጉ።

«መምህር!» ከዲሮ ከማዶው ዳር ተጣራ። ጭቃው ላይ የኮቴ ምልክት አለ፤ አጠገቡም ፋንድያ፣ ገና ትኩስ።

«ሰው ተሸክሟል?» አለ ግዛቸው። «ከኮቴው አይታወቅም? እናንተ እኮ ታውቃላችሁ!»

ከዲሮ ተንበርክኮ ብዙ አየው። «ትልቅ ሰው ቢሆን ይታወቃል» አለ በመጨረሻ። «ልጅ አትከብድም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ግዛቸው እንዴት እንደወጣው አያስታውስም። ጉሙ ሳሳ፣ የገብስ ማሳ ታየ፣ አጥር ታየ። አጥሩ ውስጥ ዳማው ቆሟል። ኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራቶ ሆዱ ሥር ተንጠልጥሏል፤ ላዩ ላይ ማንም የለም።

ግዛቸው አጥሩን ይዞ ቁጢጥ አለ።

«ሴና! ግቡ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከቤት ብቅ ብለው፤ ፈረሱን የሸጡት ሀሰኖ ናቸው። ሁለቱን አጥሩ ጋ ሲያዩአቸው ነገሩ ገባቸው። «አለች፣ አለች! እዚህ ናት! የፈረሱን ጋማ ጨብጣ ጣቷን ማላቀቅ አቅቶኝ ነበር።»

ትንቢት ምድጃው አጠገብ ቡልኮ ለብሳ፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ ወተት ይዛ ተቀምጣ ነበር። አባቷን ስታይ ወተቱን ደፍታ አለቀሰች። ግዛቸው አቅፏት መሬት ላይ ተቀመጠና ከእሷ ብሶ አለቀሰ። ከዲሮ በሩ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆሟል፤ ከሱሪው ውሃ ይንጠባጠባል።

ኔትወርክ ያለው ከቤቱ ጓሮ ነው። ግዛቸው ልጁን አዝሎ ወጣ፣ ሽማግሌውና ከዲሮም ተከተሉ። ለባለቤቱ ደወለና ሁሉም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፈተው።

«ማሚ!» አለች ትንቢት።

 ከዚያ የውብዳር በነርስ ድምፅ ጠየቀቻት፤ ራስሽን ተመትተሻል? ትውከት አለሽ? ጣቶችሽን አንቀሳቅሺያቸው። ሁሉንም ጠይቃ ስትጨርስ ድምጿ ተሰበረ። «ምን አይቶ ነው ፈረሱ የበረገገው፣ የእኔ እናት?»

ትንቢት ግራ ገባት። ፈረሱ አልበረገገም። አባቷን አየችው። ግዛቸው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ልጅቱ ከዲሮን አየች፣ እንደገና አባቷን አየች፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች።

«እኔ ነኝ፣ ማሚ። በተረከዜ መታሁት። አባዬ አጥብቆ ይዞት ነበር።»

ግዛቸው ወንዙ ውስጥ እንኳ እንዲህ አልቀዘቀዘም ነበር።

«ውሸቷን ነው» አለ። «አልመታችውም፣ አልበረገገምም። ፎቶ ላነሳ ብዬ ገመዱን እኔ ነኝ የለቀቅኩት። ከዲሮም ምንም አላጠፋም።»

ከዲሮ ቀና ብሎ አየው። በስልኩ እዮኤል ከኋላ ሲነጫነጭ ይሰማል።

«ትንቢት ትሰማሃለች?» አለች የውብዳር።

«ትሰማኛለች።»

«ከዲሮስ?»

«አጠገቤ ነው።»

«እንግዲያው ድገመው።»

ግዛቸው ልጁን ከጀርባው አውርዶ ፊቱ አቆማትና፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ደገመው።