ሳይጮህ የዳነው ሹፌር

መርሳ ከተማ ውስጥ አንድ የማይረባ እምነት ነበር፦ በሽተኛው ካልጮኸ ታሸ አይባልም። ወጌሻ አለሙ ቤት ገብቶ እያቃሰተ የወጣ ሰው እንደ ጀግና ይታያል፤ ጩኸቱ መናኸሪያው ድረስ ከተሰማ ለሳምንት ያስወራል። ወጌሻው የወለቀ ክንድ በመመለስ ማንም እንደማይስተካከላቸው አልክድም። ግን ለአራስም፣ ለሽማግሌም፣ ማሽላ ሲቆርጥ ወገቡን ለያዘው ገበሬም ያው አንድ አውራ ጣት፣ ያው አንድ ጉልበት ነው። ሰው ሁሉ አንድ ገላ ያለው ይመስል!

ሁለተኛው እምነት ደግሞ ይብሳል። አስካለ የማሳጅ ሙያ ደሴ ከተማ ተምራ መጥታ በጥቃቅንና አነስተኛ ሼድ ውስጥ አንዲት ክፍል ስትከፍት ከተማው በደስታ ተቀበላት። ክረምት ሲገባ ግን ክፍሏን ዘግታ ለተጨማሪ ስልጠና አዲስ አበባ ሄደች። በሚቀጥለውም ክረምት እንዲሁ። ያኔ ሐሜቱ ተነሣ። «ፊት ሳታውቅ ነው ያሸችን ማለት ነዋ!» ተምሮ የጨረሰ ሰው እንደገና ለመማር ከሄደ አያውቅም ማለት ነው፤ ፍርዱ ይኸው ነበር። ፈራጆቹ የመኪናቸውን ዘይት በየጊዜው የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው። የሰው እጅ ግን አንዴ ከሠለጠነ እስከ መቃብር ይበቃዋል ይላሉ።

እውነቱ ይህ ነው። አስካለ ከደሴ በተመለሰች ሰሞን ከግራና መንደር የመጣችውን ነፍሰ ጡርም ከሐራ የመጣውን ተሸካሚም በተማረችው ቅደም ተከተል፣ ከትከሻ ጀምራ ወደ ታች ታሽ ነበር። አንዱ ይሻለዋል፣ ሌላው አይሻለውም፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ይህ አላስተኛትም። አዲስ አበባ በመጀመሪያው ክረምት እጇን ከማሳረፏ በፊት መጠየቅን ተማረች፤ በሁለተኛው ደግሞ የማይነካውን መለየትን።

ደጀን የመጣው በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ከደሴ ወልድያ የሚሠራ የአውቶብስ ሹፌር ነበር። አንገቱ ደርቆ ወደ ቀኝ አልዞር ብሎት ወጌሻው ዘንድ ሄዶ እንደ ደንቡ ጮኋል፤ ለጩኸቱም ተመስግኗል። በማግስቱ ግን ቀኝ እጁ ደነዘዘ። የአውቶብሱ ባለቤት አቶ ሞገስ መኪናውን ግቢያቸው አቁመው ቁርጡን ነገሩት። «እስከ ጥምቀት እጠብቅሃለሁ። ያኔም አንገትህ ካልዞረ ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ። የሰው ነፍስ ነው የምትይዘው።» አልተሳሳቱም። ደጀን ግን ከመሪ በቀር ሌላ ሙያ የለውም።

«አልጋው ላይ ልውጣ?» አላት አስካለን፣ ሸሚዙን እየፈታ።

«ቆይ። መጀመሪያ ደሴ ሄደህ ሐኪም ይይህ። እጅህ እየደነዘዘ አንገትህን አልነካም።»

«እንዴ! ይህን ሁሉ ተምረሽ ሰው መንካት ፈራሽ?»

«መቼ እንደማልነካ ነው የተማርኩት። በል ሂድ።»

ሐኪሙ አጥንቱ ደህና እንደሆነ፣ መታሸትም እንደሚችል፣ በኃይል መጫን ግን እንደማይፈቀድ ነገረው። አስካለ አሁንም ወደ አልጋው አልወሰደችውም። አቶ ሞገስ ግቢ ሄዳ የቆመው አውቶብስ ላይ አስወጣችውና «ቀኑን ሙሉ እንደምትነዳው ተቀመጥ» አለችው። የወንበሩ ግራ ጎን ሰርጉዷል። ደጀን ወደ ግራ ዘመም ብሎ ክርኑን መስኮቱ ላይ ጣለ፤ ከኋላ በር ያለውን ረዳት ሲጠራ የሚያደርገውን አድርግ ብትለው ከዚያው ከዘመመበት ተጠማዘዘ። ስንት ዓመት እንዲህ!

ወጌሻ አለሙ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አዩዋቸው። «አንቺ ልጅ፣ መኪናውን ነው ሰውየውን ነው የምታሺው?»

«ሁለቱንም ነው ጋሽ አለሙ። አንቱ ሰውየውን ብቻ አሽተው የሆነውን አይተናል።»

ወንበሩን አስጠገነችና ማሸት ጀመረች። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራ ትከሻው ላይ አኖረች፤ ቀጥላ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ያዘችው።

«ይኸው ነው? አቧራ እያራገፍሽልኝ ነው እንዴ?»

«ዝም በልና ተንፍስ።»

«ጠንከር አድርጊው እንጂ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው አንገትህ ውስጥ የለም።»

ጥቂት ቆይቶ አንኮራፋ። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰሙት። በማግስቱ መናኸሪያው በሙሉ «ደጀን እሹሩሩ ተባለ!» እያለ ሲስቅበት ዋለ።

ኅዳር አለቀ፤ የእጁ መደንዘዝ ቢተወውም አንገቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ዞሮ ይቆማል። ደጀን ተስፋ ቆረጠ። «ጋሽ አለሙ ዘንድ እመለሳለሁ። ቢያንስ እሳቸው ሲያሹ ይታወቃል!»

ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይቆጣ ነበር። አስካለ አዲስ አበባ አሠልጣኟ ዘንድ ደወለች፤ ያየችውን ሁሉ ነግራት ምን እንዳመለጣት ጠየቀቻት። ሐሜተኞቹ እንደ ውርደት የሚቆጥሩት ይህን ነው፤ መጠየቅን! ከዚያ በኋላ ደጀንን በሆዱ ማስተኛት ተወች፤ እንዲያ ሲተኛ ነው አንገቱ የሚገተረው። ወንበር ላይ አስቀምጣ ከትከሻው አጥንት ሥርና ከደረቱ ጀመረች፤ ወደ አንገቱ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። እቤቱ የሚሠራውን እንቅስቃሴም ለእሱ ብቻ ብላ አወጣችለት።

የገና በዓል ባለፈ ማግስት አስካለ ከኋላው ስትጠራው ደጀን ዞረ። የዞረው በቀኝ ነው።

የጥምቀት ዋዜማ ወልድያ መናኸሪያ በመኪና ታፍኗል። አቶ ሞገስ ደጀንን ሊፈትኑት ሆን ብለው በሁለት አውቶብሶች መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ መረጡ። «በኋላ አስገባው። ማንም አይመራህም።» ወጌሻ አለሙም ለበዓል መጥተው ከአጥሩ ሥር ቆመዋል።

ደጀን አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ትከሻው ድረስ። ወደ ግራ አዞረ። አውቶብሱ አንዱንም ጎን ሳይነካ ገባ፤ ሌሎቹ ሹፌሮች አጨበጨቡ። አቶ ሞገስ ቁልፉን ሊቀበሉት የዘረጉትን እጅ መለሱ።

«ያዘው። ነገ የመርሳን ሰው የምታመጣው አንተ ነህ። ለመሆኑ አስካለ ምን አድርጋህ ነው?»

«ጠየቀችኝ» አለ ደጀን።

ወጌሻ አለሙ ጣልቃ ገቡ። «ጮኸሃል?»

«አንኮራፍቻለሁ ጋሼ! ሰው እየሰማኝ!»

መናኸሪያው በሳቅ ፈነዳ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን ደጀንም ነበረበት።

በጥምቀት ጧት አውቶብሱ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ ከመርሳ ሲነሣ ደጀን ሼዱ ደጃፍ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ አንዴ አይደለም፣ አስካለ በሩን ከፍታ እስክትወጣ። ተሳፋሪዎቹ ሙሽራ ያለች መስሏቸው እልል አሉ። ደጀን አላረማቸውም።