ማሽን የሚውጣት «አት»

የቧንቧ ሠራተኛው ቦዩ ውስጥ እስከ ደረቱ ተቀብሮ ቆሟል። የግራው ግድግዳ ተንዶበት ነው። የቀኙን አንዲት ጣውላ ደግፋዋለች። በተነፈሰ ቁጥር አፈሩ ይጠብቅበታል፤ መልሶ አየር ለመሳብ ቦታ የለም።

የግራውን ጣውላ ጠዋት ያነሳው ራሱ ነው። ቱቦ ለማስገባት አላመች ብሎት፣ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብሎ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅምበት እጅ እንኳ አልቀረለትም።

ከላይ ኤክስካቫተሩ ያጓራል። የሚነዳው የሚስቱ ወንድም ነው። ደንግጦ ሞተሩን ማጥፋት ረስቷል፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል።

«አማቼ፣ አይዞህ፤ ይቺን ጣውላ ላንሳልህና አፈሩን ልዛቅልህ?»

ያቺ ከተነሳች የቀኙም ግድግዳ እላዩ ላይ ነው። «አታንሳ» ሊል አፉን ከፈተና ሴፍቲዋ ትዝ አለችው።

የደህንነት ተቆጣጣሪዋን ፊት ለፊት «ሴፍቲ»፣ ከኋላዋ «እመት ተው» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት እሱ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አንድም ቀን አልሰማችም። በየማለዳው ሰብስባ፣ «ማሽን ባለበት አታንሳ፣ አትልቀቅ የሚባል ነገር የለም። "አት"ን ሞተሩ ይውጣታል፤ ሰውየው የሚሰማው "አንሳ" ነው። ተው በሉ፣ በቃ» ትላቸዋለች። እሱ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ድምፅዋን እያስመሰለ፣ «ተው፣ ተው» እያለ ሰዉን በሳቅ ይገድል ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ይኸው አማቹ ነው።

የቀረችው ትንፋሽ ለአንድ ቃል ብቻ ናት። አፈረ። ሞት አፍንጫው ሥር ደርሶም አፈረ።

«ተው» አለ።

የማሽኑ ክንድ ቆም አለ። አማቹ ከድንጋጤው መለስ ብሎ ሳቀ።

«ቀልዱን ካልተውክማ ደህና ነህ» አለና ክንዱን ወደ ጣውላው አወረደው።

ሌላ ትንፋሽ አልነበረውም። ከቀኝ በኩል ጠጠር ትከሻው ላይ መርገፍ ጀመረ። ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ዓይኑን ሲገልጥ ሴፍቲዋን ከማሽኑ ክንድ ፊት ቆማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አያት።

«ተው ሲልህ አልሰማህም እንዴ?» ትላለች አማቹን።

ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሃል «ተው» ቀልድ መሆኑን የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።