ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር

ሰው ተሳስቶ ሲናገር ሳላርመው ካለፍኩ ያመኛል። ተማሪዎቼ «ቀይ ብዕር» ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር የለፋሁት በአንድ ነገር ነው፤ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚገጣጠም። በእኛ ቋንቋ ግሡ «እኔ»ን ውጦ ይሄዳል፤ «በላሁ» ካልክ ማን እንደበላ የሚጠይቅህ የለም። በእንግሊዝኛ ግን ተውላጠ ስሙ ከግሡ ውጭ ለብቻው ይቆማል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሲገናኙ ደግሞ መስተጻምሩ እንደ ሽማግሌ መሃላቸው ይገባል።

የዓመቱን ፈተና ሳወጣም ሦስተኛውን ክፍል በዚሁ ሞላሁት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ተውላጠ ስም፣ አንድ መስተጻምርና አንድ ግሥ ሰጠሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ተማሪው ከራሱ ያምጣ። ጥያቄው አምስት ብቻ ነበር።

ከተፈታኞቹ አንዷ ልጄ ናት። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። ልጄ ማታ ማታ አንድ ነገር ልትነግረኝ ትጀምራለች። እኔ ወይ አነጋገሯን አርማለሁ፣ ወይ ሻይ ፈልቷል ወይ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። የምትጀምረው ስለ እናቷ መሆኑን አውቃለሁ፤ የምቀይረውም ለዚያ ነው።

በፈተናው ማግስት ጠዋት ለእርማት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቆለፈብን። ባለፈው ዓመት ነጥብ ተነካካ ተብሎ ስለነበር ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ስልክ ወደ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ይገባል፣ የስም ጥጉ ተጣጥፎ ይታሸጋል፣ የእጅ ጽሑፍ እንዳይለይ መልሱ በትልልቁ ፊደል ይጻፋል፣ አርባ ወረቀቱን ያልጨረሰ ደግሞ ከበር አይወጣም። ራሴ በሠራሁት ደንብ ኮርቼ ተቀመጥኩ።

ሃያ ሦስተኛው ወረቀት ላይ አንዱ ተማሪ አስደሰተኝ። አንደኛው መልስ፣ በእኛ ቋንቋ ሲሆን፣ «እኔ መናገር እጀምራለሁ፣ ግን አልጨርስም» ይላል። ልክ። ሁለተኛው «እሷ በታመመች ጊዜ ጠራችው» ነው። ልክ። ሦስተኛው «እሱ አልሰማም፣ ምክንያቱም ወረቀት እያረመ ነበር» ይላል፤ ይሄንንማ ሁለቴ ነው ልክ ያደረግኩት። አራተኛው «እንነጋገራለን፣ ወይም እሄዳለሁ» ነበር። አምስተኛው ላይ «አውቶቡሱ ነገ ስድስት ሰዓት ይነሳል፣ ስለዚህ እኔ ወደ አክስቴ ሄድኩ» የሚል አገኘሁ። ጊዜ ተዛብቷል ብዬ ግማሽ ነጥብ ቀነስኩና ወደ ሃያ አራተኛው አለፍኩ።

ሻይ ሲመጣ ለባልደረባዬ ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንደ ቀልድ ነገርኩት። እሱ ሲያሾፍ የሚደርስበት የለም፤ «አንተን ነዋ የጻፈህ» ብሎ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ወረቀቱን ከክምሩ መልሼ አወጣሁት። ወደ አክስቴ። ነገ ስድስት ሰዓት። የተጻፈው ትናንት ነው።

ሰዓቱ አምስት ሰዓት ተሩብ ይላል። ስልክ ብጠይቅ ካዝናው ተቆልፏል፤ ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ይዞ ስብሰባ ሄዷል። በሩ ላይ ምክትሏ ተቀምጣለች። ልጄ ልትሄድብኝ ነው አልኳት። አዘነችልኝ፤ ግን ጥርጣሬም ፊቷ ላይ አየሁ፤ ነጥብ ለመነካካት የሚወጣ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ጋሼ፣ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «ከወጡ የክፍል ኃላፊነቱም፣ እርማቱም ይቀራል። መጻፌ አይቀርም።»

«ጻፊብኝ» አልኳት። ኪሴን ገልብጬ አሳየኋት፤ ብዕሬንም ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ ወጣሁ።

መኪና ጠፋ። በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ ብል ማን ያምነኛል፤ ግን ሮጥኩ። አውቶቡስ መናኸሪያው ስደርስ ለስድስት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ ተነስቷል። ረዳቱ «ቲኬት» እያለ ሲከተለኝ ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጄ ከኋላ መስኮት ዳር ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ ጎኗ ያለው ወንበር ላይ ነው። ስታየኝ አልደነገጠችም፤ አንገቷን ደፋች።

«አነበብኩት» አልኳት።

«መቼ?»

ልዋሽ ቃጣኝ። እንዳየሁት ደነገጥኩ ብላት ደስ ይላት ነበር። «መጀመሪያ አረምኩት» አልኳት። «ያነበብኩት ኋላ ነው።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እዚያው ላይ ማቆም እችል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘመድ ወዳጅ «ምን ያድርግ፣ ስትጠራው አልሰማ!» ሲልልኝ ኖሯል። ሰውን ሁሉ ሳርም ያቺን አንዲት ስህተት አላረምኩም። አሁን ደግሞ ልጄ ራሷ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። እውነቱን ብነግራት ዳግመኛ እንደማታየኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ሦስተኛው ስህተት ነው» አልኳት። «እናትሽን ሰምቻት ነበር። መጣሁ፣ አንድ ወረቀት ቀረኝ አልኳት። አንድ አልነበረም፤ አምስት ነበር። ስገባ አልፋ ነበር።»

ረዳቱ ሸኚ ይውረድ እያለ ከፊት ይጮሃል።

«አውቃለሁ» አለች ልጄ። «ወጥ ቤት ነበርኩ። እሷ ስትጠራህም፣ አንተ መጣሁ ስትላትም ሰምቻለሁ። አባዬ ሄደላት ብዬ ነው እኔ ያልሄድኩት።»

ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እኔ እኮ በልቧ የምትከሰኝ መስሎኝ ነው የሸሸኋት፤ ልጄ ስትከስ የኖረችው ራሷን ነው። የአንቺ ጥፋት አይደለም ልላት አልኩ፤ ነገር ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። ቦርሳዋን አንስታ ታፋዋ ላይ አስቀመጠች፤ ተቀመጥኩ።

«ድስቱ እሳት ላይ ነበር» ብላ ቀጠለች። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጣ።