ሳሎን ውስጥ የተዞረ ዓለም

አጎቴን እናታቸው በልጅነታቸው «ነፋሱ» ብለው ያወጡላቸው ቅጽል ስም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። አባታቸው ወንዝ ላይ ሰው በጀልባ የሚያሻግሩ ቀዛፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማዶው ዳርቻ አልፈው አያውቁም። አጎቴ ግን ጀልባው ማዶ በደረሰ ቁጥር «ከዚያስ?» እያሉ አባታቸውን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጧቸው ነበር ይባላል።

አድገው አስተማሪ ሆኑ። ግጥምም ይጽፉ ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት አስተማሪ ነበረች፤ እኔ በኋላ እቴቴ የምላት። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ ጠብቀው ላግባሽ አሏት። እቴቴ እጇ ላይ የነበረውን የጠመኔ ብናኝ አራገፈችና፣

«አንተ ሰውዬ እግርህ መሬት አይነካም። እኔ ደግሞ ከዚህ ሰፈር ከወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ነፋስ አግብቼ ምን ልሁን?» አለቻቸው።

አጎቴ ስቀው አለፉት፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ለትምህርት ባሕር ማዶ ተላኩ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሻንጣቸው ተዘግቶ አያውቅም። ተማሩ፣ አስተማሩ፣ አምባሳደር ሆኑ። ነጭ ወፎች በመስኮት ገብተው ከሳህን የሚበሉባት የወደብ ከተማ ኖሩ። በረዶ ድምፅን ሁሉ የሚውጥባት፣ ሰው በእግሩ ሲሄድ የራሱን ኮቴ የማይሰማባት ከተማም ኖሩ። እዚያ ሳሉ የጻፉትን ይህን ሁለት መስመር ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞት ነበር፦

ስንት ባሕር አልፌ ስንት አገር ዞሬ፣
ከደጄ ስደርስ ነው መንገድ መጀመሬ።

ሲመለሱ የትምህርት ሚኒስትር ተደረጉ። ሰፊ ቢሮ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከውስጥ በቆዳ የተለበጠ ድምፅ የማያሳልፍ በር ተሰጣቸው። በሩን ክፍት አድርገው ነበር የሚሠሩት። ያስከፈቷቸው የማታ ትምህርት ቤቶች ናቸው የሚወደዱላቸው፤ ግንበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ዘበኛው ከሥራ በኋላ ፊደል የሚቆጥሩባቸው። አንድ ቀን ግን በሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሁሉም እጁን አወጣ። አጎቴ ብቻ ብድግ ብለው፣

የቀኑን ፀሐይ ለሥራ የሰጡ፣
መብራት ማታ ቢያጡ በምን በኩል ይውጡ?

አሉ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «ክቡር ሚኒስትር፣ ይሄ ስብሰባ ነው ወይስ ሠርግ ቤት?» ሲሉ ሳቅ ሆነ። አጎቴ አልሳቁም። «እኔ በዚህ ወረቀት ላይ አልፈርምም» ብለው ተቀመጡ። ሳምንት ሳይሞላ ከሥልጣን ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ኮፍያቸውን ደፍተው በእግራቸው ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤታቸው ሄዱ። እቴቴ ርዕሰ መምህርት ሆናለች። ፀጉሯ ጆሮዋ አካባቢ ሸብቷል። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣

«ምን ልታዘዝ?» አለቻቸው።

«ሥራ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ያለኝ አንደኛ ክፍል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለእርስዎ አይሆንም። ሚኒስትር የነበረ ሰው ሀ ሁ ሲያስቆጥር ቢያዩ አበደ ነው የሚሉት።»

«ገጣሚ ስሆንም ብለውኛል፤ ለምጄዋለሁ።»

እቴቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አጎቴ፣ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ በተቀባ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም በማይቀረው ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ እየተቀመጡ ሕፃናት አስተማሩ። የተዘጉትን የማታ ትምህርት ቤቶች የሚያስከፍት አላገኙም፤ ይህ እስከ መጨረሻው የውስጥ እግር እሳት ሆኖባቸው ኖረ። በሁለተኛው ዓመት ግን እቴቴን አገቡ። ሁለቱም ሸምግለው ነበር። ጎረቤት «የእህል ውሃ ነገር» አለ።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ነርስነት ልማር ስመጣ ከእነሱ ጋር መኖር ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረሁ። አጎቴ ዘጠናውን ሲያልፉ ሐሳባቸው መሸሽ ጀመረ። ከምሳ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ያሸልባሉ፤ ሲነቁ መጋረጃው ሲውለበለብ ያዩና «የት ደረስን?» ይላሉ።

መጀመሪያ እቴቴ እውነቱን ትነግራቸው ነበር። «ቤትህ ነህ፣ ነፋሱ። ይሄ ወንበርህ፣ ያ ጫማህ።» እሳቸው ግን በፍርሃት ዙሪያቸውን ያያሉ። እኔም በሙያዬ «እንደሱ አይደለም፣ ቀስ ብለሽ አስታውሻቸው» እላት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት፣ እንደልማዳቸው ሲጠይቁ፣ እቴቴ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ወደቡ እየታየ ነው» አለች።

የአጎቴ ፊት በራ። «ወፎቹስ?»

«ወፎቹን አንተ ንገረኝ፤ ዓይኔ ደከመብኝ።»

ነገሯት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄዱ። ትላንት የበሉትን የማያስታውሱት ሰውዬ ከመርከብ መውረጃው እስከ ዓሣ ገበያው ያለውን ደረጃ፣ የድልድዩን ዝገት፣ የትራም ደወሉን ሁሉ እየመሩ ያሳዩአት ነበር። በበረዶዋ ከተማ ሲያልፉ እቴቴ በጠራራ ፀሐይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ትደርባለች። እኔ መድኃኒት ይዤ ስገባ «ቆዪ፣ መንገድ ላይ ነን» ትለኛለች። ቆሜ እጠብቃለሁ። የክፍሉ ብርሃን እንደ ውሃ ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ ወለሉ ከሥሬ የሚወዛወዝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት አጎቴ ዓይናቸውን ገለጡና ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ አዩ። «ይህን አገር አላውቀውም» አሉ።

«ልንመለስ?» አለቻቸው እቴቴ።

«አይ። ደስ ይላል። ቀስ ብለን እንሂድ።»

እጇን እንደያዙ አሸለቡ። ስትቀሰቅሳቸው አልነቁም።

ለልቅሶ ብዙ ሰው መጣ። ከመጡት መካከል በአምባሳደርነታቸው ዘመን ጸሐፊያቸው የነበሩ ሽማግሌ ተቀምጠው ስለዚያች ወደብ ከተማ ያወሩ ጀመር። «ከድልድዩ ወደ ላይ ወጣ ስንል ያው ገበያው…» ሲሉ እቴቴ ቀና አለች።

«ገበያውማ ከድልድዩ በታች ነው። ደረጃውን ወርደው ነው የሚያገኙት።»

ሰውየው ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ። «እውነትዎን ነው፤ በታች ነው። እርስዎም እዚያ ነበሩ እንዴ?»

«አዎ» አለች እቴቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «አብረን ነበርን።»