የራስ ገላ

«እስቲ አንድ ጉርሻ፣ ለኔ ስትይ» አለች አክስቷ፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ እያስቀመጠች።

«አልራበኝም።»

እውነቷን ነው፤ ጠማት እንጂ አልራባትም። አፏ ደርቋል፣ ያቅለሸልሻታል። ነርስ ስለሆነች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ስኳር አለባት፤ እህቷ ወድቃ ከሞተችበት ሰዓት ጀምሮ ግን ኢንሱሊን አልተወጋችም። ይሄ በአንድ በሽተኛዋ ላይ ቢደርስ ኖሮ ሆስፒታሉን በአንድ እግሩ ታቆመው ነበር።

«ነርስ ቤቷ እያለች በደም ግፊት ትሙት?» አለች አንዲት ለቀስተኛ በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋ እስከ በሩ ይሰማል።

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ልክ ናቸው ብላም አምናለች።

በሽተኞች እጇ ቀላል ነው እያሉ እሷን መርጠው ይጠብቃሉ። ራሷ ላይ ሲሆን ግን ያ እጅ አሻፈረኝ ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ጠዋት ማታ የምትወጋት ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ነበረች። «ነርሷ አንቺ፣ ወጊዋ እኔ፤ ደሞዝሽን በስሜ ያድርጉት እንጂ» እያለች ትስቅባት ነበር።

ታላቋም ብትሆን ያው ናት። የግፊት ክኒኗን መዳፏ ላይ አስቀምጠው ካልቆሙባት አትውጥም። «አንቺ ከሌለሽ እኮ ለማን ብዬ እንደምውጠው ይጠፋኛል» ብላት ታውቃለች። እንዲህ አንዷ ሌላዋን እያኖረች ኖሩ።

ከዚያ ነርሷ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄደች። እዚያ የምትወጋት ባልደረባ አላጣችም። ታላቋ ላይ ግን የሚቆምባት አልነበረም።

«እትዬ፣ ዋጥሽ?» ትላታለች በስልክ።

«ዋጥኩ ባክሽ፣ አታድርቂኝ።»

በተመለሰች ማግስት እህቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። ክኒኖቹ ከነእሽጋቸው ነበሩ።

ማቅለሽለሹ ሲብስባት ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። አክስቷ ተከተለቻት። ነርሷ የያዘችውን መርፌ ስታይ ነገሩ ገባት።

«እኔ እንዳልወጋሽ ዓይኔ መች ያያል ልጄ? ባልደረቦችሽ ውጭ ተቀምጠዋል፣ አንዷን ልጥራልሽ?»

«ተያቸው። ዛሬ እነሱ ይወጉኛል፣ ነገስ?»

ኢንሱሊኑን ቀዳች። እህቷ ስትወጋት እሷ ሁልጊዜ ፊቷን ታዞር ነበር፤ ዛሬ ማየት ግድ ሆነባት። ሆዷ ላይ፣ እህቷ ቦታ እያፈራረቀች የወጋችባቸው ትናንሽ ነጥቦች አሉ። እነሱን ስታይ እንባዋ መጣ። እህቷ በሕይወት እያለችላት አንድ ቀን እንኳ ራሷን ለመውጋት አለመሞከሯ ቆጫት። ቆዳዋን ቆንጠጥ አደረገች።

«አይዞሽ፣ አሁን ያልቃል» አለች፤ በሥራዋ ላይ ለማንም እንደምትለው፣ ለራሷ።

ወጋችው። መርፌውን ነቅላ ቦታውን በመዳፏ ሸፈነችው። አክስቷ «በቃ፣ አለቀ እኮ» ብትላትም እጇን አላነሳችም።