በዱካሞ ስም የተቀመጠ አንጀት

ሰው ለወዳጁ ኮት ያውሳል፣ መኪና ያውሳል። ዱካሞ ግን ለሱሩር ስሙን ነበር ያዋሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2012፣ ሁለቱ ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ በሽርክና ትንሽ ሱቅ በከፈቱ ሰሞን ሱሩርን ደም ያስቀምጠው ጀመር። ደንበኛ በብረት ፍርግርጉ ዳቦ እየጠየቀ እሱ ወደ ጓሮ ይሮጣል። የመኖሪያ ወረቀቱ፣ እነሱ ፔፐር የሚሉት፣ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ሆስፒታል መሄድ ፈራ። የዱካሞ ግን ደህና ነበር።

"እንካ፣ በኔ ስም ታከም" አለው ዱካሞ። "ለነሱ እንደሆነ ሁላችንም አንድ ነን።" አንዱ የስልጤ ሙስሊም፣ ሌላው የከምባታ ጴንጤ፤ በአንድ ፎቶ ሁለት ሰው! ደግሞ ጉድ ነው፣ ማንም አላወቀባቸውም። ሐኪሞቹ የሱሩርን አንጀት በካሜራ አዩ፣ ቁራጭ ወሰዱ፣ "ካንሰር የለም፤ የአንጀት ቁስለት ነው፤ በየዓመቱ እየመጣህ ታይ" ብለው መድኃኒት ሰጡት። የተመዘገበው ስልክም የዱካሞ ነበር።

እናም በየዓመቱ ሰኔ ላይ የዱካሞ ስልክ መልእክት ይገባላታል፦ "አቶ ዱካሞ፣ የአንጀት ምርመራዎ ደርሷል።" የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ለሱሩር ነገረው። ሱሩር ግን ደሙ ቆሞለት ስለነበር "አንተው ሂድላቸው፣ አንጀቱ ያንተ ነው!" ብሎ ሳቀ። አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ዱካሞ መልእክቱን ሳይነግረው ያጠፋው ጀመር። አይ ሞኝነት!

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2021 ሰኔ፣ አገር በሙሉ በማስክ ታፍኖ ሳለ፣ ሱሩር ከስቶ ሱሪው ከወገቡ ወረደ። አሁን የራሱ ፔፐር ስላለው በራሱ ስም ወደዚያው ሆስፒታል ሄደ። ዱካሞም አስተርጓሚ ነኝ ብሎ አብሮት ገባ። ካንሰር ነበር። ዶክተር ቶቤካ የምትባል ወጣት ሐኪም ትልቁ አንጀት በሙሉ መውጣት እንዳለበት ነገረቻቸው።

"እምቢ!" አለ ሱሩር። "ዕጢው ያለበትን ብቻ ቁረጡ። ሆዴ ላይ የሰገራ ከረጢት አንጠልጥዬ እንዴት እሰግዳለሁ? ቀሪው ጤነኛ ነው። ድሮ ተመርምሬ ንጹህ ነህ ተብያለሁ!"

"የት? ፋይልህ ባዶ ነው እኮ" አለች።

ሱሩር ዞሮ ዱካሞን አየው። ዱካሞም ወለል ወለሉን አየ። ኮሪደር ላይ ሲወጡ ሱሩር ክንዱን ጨብጦ "አደራ፣ እንዳትተነፍስ! ፔፐርህን ይነጥቁሃል። ሆድ ይፍጀው" አለው። ሰውዬው እየሞተ ለጓደኛው ፔፐር ይጨነቃል!

ዱካሞ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ቢናገር እሱም ሚስቱ ደስታነሽም ልጆቹም ከአገር ሊባረሩ ይችላሉ። ባይናገር ሐኪሟ የድሮውን መዝገብ አሳይታ ልታሳምነው አትችልም፤ ሱሩርም ግማሽ ሕክምና ታክሞ ይሞታል። በሦስተኛው ቀን ብቻውን ሄዶ ሐኪሟ ፊት ቆመ።

"ዶክተር፣ ዱካሞ እኔ ነኝ። እዚህ ቤት በኔ ስም የተቀመጠ አንጀት አለ። የሱሩር ነው።"

"ሃይቦ!" አለች በአገሯ ቋንቋ ተገርማ፤ ኮምፒውተሯን ነካክታ መዝገቡን አገኘችው። "ስንት ዓመት ጠራንህ!" ብላ ጮኸችበት። ዱካሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም በረድ አለችና "ስለ ፔፐሩ ጠያቂ ሲመጣ ያኔ እናያለን። እኔ አሁን የምፈልገው ቁራጩን ነው" አለች። ለካ አልተጣለም! የጥፍር ታህል ቁራጭ፣ ሰም ውስጥ ተቀብራ፣ የዱካሞ ስም ተጽፎባት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱንም ጠርታ ሁለት ወረቀት ዘረጋች።

"እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ፊደል የሚያህል ጽሑፍ አለ" አለች። "ከዚያ ውስጥ ሴሉ ሲበላሽ 'ቁም!' የሚል ጂን አለ፤ ዘበኛ በሉት። በሌላው ሰው የአንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ትንሽ እብጠት ይበቅላል፤ ዘበኛው የሚወድቀው ዘግይቶ ነው። አንጀቱ ለዓመታት ሲቆስል በኖረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ዘበኛው ነው። እብጠት የለ፣ ምልክት የለ። ቁስሉን ሊጠግን የሚባዛው ሴል ስህተቱንም እየገለበጠ ይዛመታል።"

"እንደ ሱቅ ሌባ" አለ ዱካሞ ቀስ ብሎ። "መጀመሪያ ዘበኛውን።"

"ይሄ የዛሬው ዕጢ ነው። ይሄኛው ደግሞ ያኔ ሦስት ስንዝር ርቆ ከተወሰደው ቁራጭ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ከቁስለት በቀር ምንም ያልታየበት።" ጣቷን በአንዱ ላይ፣ ከዚያም በሌላው ላይ አሳረፈች። ያው ቦታ። ያው የተሳሳተ ፊደል።

ዱካሞን ነዘረው። ከሦስት ቢሊዮን አንዲት ፊደል! ሱሩር ዛሂራን ሲያገባ ነበረች። ልጁ ዩስራ ስትወለድ ነበረች። እነሱ ሲስቁ፣ ዳቦ ሲሸጡ፣ እሷ በዝምታ ራሷን ትገለብጥ ነበር። እንዲህ ያለችውን ረቂቅ ነገር ደግሞ የሰው ልጅ ከሰም ውስጥ አውጥቶ አነበባት። "ጌታ ሆይ!" አለ ዱካሞ። "ሱብሃነላህ!" አለ ሱሩር፤ ወረቀቱን መንካት እንኳ ፈራ።

"በመሃል ያለው፣ ጤነኛ የመሰለኝ ሁሉስ?" አለ ሱሩር።

"እዚያም ተዘርቶ ሊሆን ይችላል። የትኛው ቀጥሎ እንደሚበቅል አላውቅም።"

"በየዓመቱ ብመጣ ኖሮስ?"

ዶክተሯ አልዋሸችውም። "ምናልባት ዕጢ ሳይሆን እንደርስበት ነበር።"

ዱካሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ሱሩር ግን እጁን ያዘው። "አብረን ነው የሳቅነው" አለ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሮ "ሁሉንም አውጡት" አላት።

በዓመቱ ሰኔ ላይ የዱካሞ ስልክ መልእክት ገባላት፦ "አቶ ሱሩር፣ የክትትል ምርመራዎ ሐሙስ ነው።" ስሙን አርመውታል፤ ስልኩን ግን ረስተውታል። ሱሩር ከረጢቱን በሸሚዙ ሸፍኖ፣ ወፈር ብሎ፣ መደርደሪያው ላይ ወተት ይደረድራል። ዱካሞ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ፣ ፍርግርጉን ዘጋ።

"ተነሥ፣ ሆስፒታል እንሂድ!"

"ሐሙስ አይደል እንዴ? ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው!"

"ግድ የለም" አለ ዱካሞ። "ደጃፋቸው ላይ እናድራለን።"