የቅጽል ስም መዝገብ

ብረት ሠሪው የሰው ስም ጠይቆ አያውቅም። በር ወይ መስኮት ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ውሎ አድሮ ስም ይወጣለታል፤ ስሙ የሚወጣለትም ባስቀየመው ነገር ነው። አንዱ ሥራውን ሲረከብ፣ "ይሄ በር ነው የዶሮ ቤት?" አለ፤ በደብተሩ ላይ "የዶሮ ቤት" ተብሎ ሰፈረ። አንዱ ቀሪ ክፍያ በተጠየቀ ቁጥር "አልሰማሁም" ስለሚል "አልሰማሁም" ሆኖ ቀረ። ሆቴል ያላት ሴት ደግሞ የምትፈልገውን በመኪና ቁልፏ እየጠቆመች አዘዘችውና "ቁልፊቱ" ተባለች። ቀኑ፣ ሥራው፣ ዋጋው፣ ቅጽል ስሙ፣ ሁሉም በአንድ መስመር። የዓመቱ ሽያጭ እንዲህ ሆኖ በሁለት ወፍራም ደብተር ተይዟል።

ትምህርቱን ያቆመው ከስድስተኛ ክፍል ነው። አቁሞም አይደለም፣ አስቁመውት ነው፤ ያን ታሪክ ከጀመረው ግን አይጨርሰውም።

ዘንድሮ ግብር ቢሮው "የሒሳብ መዝገብ የለህም" ብሎ በግምት መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ጣለበት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ቅሬታ ከነሒሳቡ ካልቀረበ ግምቱ ይጸናል ይላል ደብዳቤው። ያን ያህል ለመክፈል የብየዳ ማሽኑንም፣ መቁረጫውንም፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ቱቦላሬ ብረት ሁሉ መሸጥ አለበት። እነሱን ከሸጠ የሚተርፈው ባዶ ቤትና አንድ ወንበር ነው።

ደብተሮቹን ታቅፎ ቢሮው ሄደ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ "አባት፣ ይሄ መዝገብ አይባልም። የሚፈለገው ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ማንበብ የሚችል ሰው ይዘው ይምጡ" አለው።

ከኋላው አሥራ አራት ሰው ተሰልፎ ነበር። ቆጥሯቸዋል። "እኔው እችላለሁ" ሊል ፈልጎ ደብተሮቹን ታቅፎ ወጣ። ደህናው መልስ የመጣለት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ነው። "ማንበብ የሚችል ሰው አምጣ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው እኔው መጥቻለሁ።" መልሱን ለሚቀጥለው ጊዜ እንደ ስለት አስቀመጠው።

የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነው ልጁ በስልክ ነገሩን ሲሰማ፣ "አባዬ፣ ሚስቴን ንገራት እንጂ። የዱቄት ፋብሪካውን ሒሳብ በኮምፒውተር የምትይዘው እኮ እሷ ናት" አለው።

ብረት ሠሪው ስልኩን ዘጋ። ምራቱን አይወዳትም። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሠርጉ ሊደርስ ሲል፣ ልጁና ያኔ በሕይወት የነበረችው እናቱ ልጅቷን ይዘው ሥራ ቤቱን ሊያሳዩአት መጡ። እሱም ያለችውን አንዲት ወንበር አቀረበ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣችና ወንበሩን ጠረገችው። ያውም ሁለት ጊዜ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን ይቀበላል፣ ከዚያ አያልፍም።

ግን መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ኩራትም ያስውጣል። ደወለላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ያረጀ ላፕቶፕ ይዛ መጣችና የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ደብተሩን ይስጡኝ አባባ፣ እኔ ላስገባው።"

"ደብተሬን ለሰው አልሰጥም።"

"እንግዲያው እርስዎ ያስገቡት" አለችና ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችው። ክርክር አሰናድቶ ነበር፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

የሒሳብ ሶፍትዌሩን አስጀምራ አሳየችው። "እዚህ ጋ ደንበኛው፣ እዚህ ሥራው፣ እዚህ ዋጋው። ብረት የገዙበት፣ ኪራይ፣ መብራት፣ እነዚህ ወጪ ናቸው፤ በዚህኛው በኩል ይገባሉ። ድምሩን እሱ ይሠራዋል።"

"ድምር እኔም እችላለሁ።"

"ይችላሉ። እሱ ግን አይደክመውም።"

"እኔስ ደከመኝ አልኩሽ?"

"ኧረ አላሉም።"

ላፕቶፑን ትታለት ሄደች፤ ብረት ሠሪው ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሁለት ጣቱ ይጽፍ ጀመር። ጣቶቹ የብየዳ ፍንጣሪ ሲልጣቸው የኖሩ ናቸው፤ አንዱን ፊደል ሲነኩ ጎረቤቱንም ቀስቅሰው ይመጣሉ። ሲሳሳት ኮምፒውተሩ አንዲት ቀይ መስመር ያሰምርና ይጠብቀዋል። አይስቅም፣ አይተነፍስም፣ ከኋላ የተሰለፈውን ሰው አያይም። በዕድሜው እንዲህ የታገሠው አስተማሪ አልገጠመውም። በሁለተኛው ሳምንት ወጪና ገቢው ጎን ለጎን ሆነው ብቅ ሲሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ያተረፈው ምን ያህል እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይኑ አየ። ግምቱ የጫነበት ያህል ሀብታም አልነበረም። ይህንንስ ድሮም ያውቃል፤ አሁን ግን ምስክር አገኘ።

ቅሬታ ማቅረቢያው አራት ቀን ሲቀረው ምራቱ ሥራውን ልታይለት መጣች። የደንበኞቹን ዝርዝር ከፈተች። ቀና አለች፤ እንደገና አየች።

"አባባ፣ 'የዶሮ ቤት' ለሚባል ደንበኛ አንድ በር ሸጠዋል?"

"አዎ።"

"'አልሰማሁም'ስ?"

"እሱም ደንበኛ ነው።"

ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። "'ቁልፊቱ'፣ 'ሙክት አንገት'፣ 'ነገ ና'... እነዚህ ሁሉ?"

"ሁሉም ያስቀየሙኝ ናቸው።"

"ያላስቀየመዎት ደንበኛ የለም?"

አሰበ። "አንድ ነበር። ሞተ።"

ምራቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እሱም ሳያስበው ጥርሱ ተገለጠ። ከዚያ ዐይኗን ጠርጋ ነገሩን አስረዳችው። "ግብር ቢሮው 'ሙክት አንገት' የሚባል ገዢ አይቀበልም። ድርጅት ያላቸው ዘጠኙ ሙሉ ስማቸውና የግብር መለያ ቁጥራቸው ያስፈልጋል። አለዚያ ይሄ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።"

እያወራች ጣቷ በዝርዝሩ ላይ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። የት እንደቆመ ገባው። አምና ለኩሽና መስኮቷ ፍርግርግ አሠርታ፣ "ለልጅዎ ቤት ነው ብለው በነጻ እንዳይሠሩ" ብላ ከደመወዟ ከፍላዋለች። እሱም እንደ ልማዱ ጽፎታል።

"'ወንበር ጠራጊዋ'" አለች፣ ድምጿን ሳትለውጥ። "ፍርግርግ፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ይቺ ማን ናት?"

ሊዋሽ ይችል ነበር። ግን ደብተር ላይ ዋሽቶ አያውቅም፤ ሰውን ያማል እንጂ ቁጥር አይነካም።

"አንቺ ነሽ" አለ። ወንበሩን፣ ሶፍቱን፣ ሁለት ጊዜ መጥረጓን፣ ሁሉንም ነገራት።

ምራቱ ወደ ወንበሩ ዞረች። አሁን ብትነሣና ላፕቶፗን ዘግታ ብትሄድ፣ ሁለት ደብተርና ሦስት ሳምንት አብረዋት ይሄዳሉ፤ የብየዳ ማሽኑም ይከተላቸዋል። ብትሄድ ደግሞ የሚፈርድባት የለም።

"አባባ፣ እኔ እኮ ያን ቀን አልተቀመጥኩም" አለች ቀስ ብላ። "የተቀመጡት እማማ ናቸው። አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነበር። ወንበሩ ላይ ያ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ነበረበት። ጠርጌ እሳቸውን አስቀመጥኩና እኔ እዚያ መቁረጫው ጋ ቆምኩ።"

ሰማያዊው ቀሚስ ሲባል ሚስቱ ፊቱ ድቅን አለች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ "አንተ ሰው፣ ይሄን ቤት አንድ ቀን እንኳ ብትጠርገው ምን ትሆናለህ?" ብላ ስትስቅበት። ሶፍቱን በየቀኑ አስታውሶታል። የተቀመጠችውን ግን አንድ ቀን አላስታወሳትም። የገዛ ሚስቱን።

"ልክ ነሽ" አለ።

እሷ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች፤ ቅጽል ስሙን አጥፍታ ሙሉ ስሟን ጻፈች። "የእኔ ተስተካክሏል። ዘጠኙ ጋ ግን እርስዎ ነዎት የሚሄዱት። እኔ ሙክት አንገትን የት አውቄው?"

ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ቤቱን ዘግቶ ሲዞር ዋለ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ ቂም ይዞ ስም መጠየቅም ከሁለቱ አያንስም። ቁልፊቱ የግብር መለያ ወረቀቷን ፈልጋ ስትሰጠው፣ "በስድስት ዓመት ስሜን ሲጠይቁኝ ዛሬ ገና ነው" አለችው፤ ሻይም አዘዘችለት። የዶሮ ቤት የተናገረውን ጨርሶ ረስቶታል። "እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩ? እንግዲህ ቀልዴን ይሆናላ። በርዎ እኮ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም" ብሎ የግዢ ሰነዱን ራሱ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ሰጠው። ነገ ና ብቻ "ነገ ና" አለው፤ በነጋታው ሲሄድ ግን ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ይጠብቀው ነበር። ብረት ሠሪው ማክሰኞ ከሰዓት ሲመለስ ዘጠኝ ስም ይዟል። እግሩ ዝሏል፤ ልቡን ግን ምን እንዳቀለለው አልገባውም።

ረቡዕ ከምራቱ ጋር ቢሮው ሄዱ። መስኮቱም ያው፣ ሠራተኛውም ያው። ከሶፍትዌሩ የታተመውን ሪፖርት ገጽ በገጽ አየው፤ ሽያጩ፣ ወጪው፣ ትርፉ፣ የገዢዎቹ ስምና ቁጥር። አንድ መስመር ላይ ቆመ።

"ለዚህ በር የቆረጡት ደረሰኝ የለም። ዋጋውን በምን አወቁት?"

"ሰውየው 'ይሄ በር ነው የዶሮ ቤት' ብሎ ስምንት መቶ አስቀንሶኛል። ሐሙስ ቀን ነው፤ ዝናብ ነበር።"

ሠራተኛው የገዢውን ሰነድ ፎቶ ኮፒ ከሪፖርቱ ጋር አስተያየ። ቀኑም ዋጋውም አንድ ነው። ሌላ መስመር ጠየቀው፤ ብረት ሠሪው የዚያንም ስድብ ከነቀኑ ነገረው። ሦስተኛውን ሲጠይቅ ሠራተኛው ራሱ ፈገግ ብሎ ነበር።

"ጥሩ መዝገብ ነው አባት። ማን ያዘልዎት?"

አንድ ወር የተሳለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ቆመ። ከኋላውም ሰልፍ ነበር፤ ይሰሙለት ነበር። ወደ ምራቱ ዞረ፤ እሷ ወረቀቶቹን በሥርዓት እየደረደረች ነው።

"ማንበብ የሚችል ሰው አምጣ ብለኸኝ ነበር" አለ። "ይኸውና፣ ልጄን አመጣሁ። ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

ሠራተኛው እንዲያ ማለቱን አላስታወሰም። ማኅተሙን መታ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ። ሶፍትዌሩ በትርፉ ላይ ካሰላው ግብር ጋር ሳንቲም አልተለያየም። ግብር በከፈለ ቁጥር የሚያወርደውን እርግማን ዘንድሮ ረሳው፤ ከፍሎ ወጣና ብረት ሊገዛ ሄደ።

ጠባዩ ግን አሁንም ያው ነው። ደንበኛ ሲመጣ ሙሉ ስም ይጠይቃል፤ "ለምን ትፈልገዋለህ?" ያለውን አንዱን ግን በሆዱ "ለምን" ብሎታል። ኮምፒውተሩ ላይ አልጻፈውም።

ምራቱ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሒሳቡን ልታይ ትመጣለች። የሚያውቃት በእግሯ ኮቴ ነው። መበየጃውን ያጠፋል፤ የዐይን መከላከያውን ያወልቃል፤ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ወንበሩን ይጠርጋል። ከዚያ ትንሽ ቆም ይልና አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠርገዋል።